የአባባ ቃል ግማሽ ዕድሜ

አዋሳ፣ ሰኔ 5 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትህን እጠይቃለሁ። እንዴት ከረምክልኝ? ያ የግራ መንጋጋህ ተነቀለ ወይስ ዛሬም ቅርንፉድ እየነከስክ ነው የምታስተምረው? እማዬስ እንዴት ናት? ጉልበቷን ብርድ ሲመጣ ይነሳባታልና ደህና አድርጋ ትልበስ። እኔ፣ አምላክ ይመስገን፣ አካሌ ደህና ነው። አዋሳም ደህና ናት። ክረምቱ ገብቷል፤ ሐይቁ ዳር ያሉት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር ሲሻሙ ይውላሉ፤ እኛም ፈተና ደርሶብን ስንፈራ እንውላለን።

ደብዳቤውን በፖስታ አልላክኩትም። ጋሽ ጠሀ ለሱቃቸው ዕቃ ሊጭኑ መጥተው እዚሁ አዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር አገኘኋቸውና በእጅህ ብቻ እንዲሰጡህ አስምዬ ሰጠኋቸው። አንተም ብቻህን ሆነህ አንብበው። ለእማዬ እንዳታነብላት።

ስለ ቤት ጋሽ ጠሀን ምንም አልጠየቅኳቸውም፤ እሳቸውም ምንም አልነገሩኝም። ሻይ ጋበዙኝ፤ የራሳቸውንም ዳቦ ወደኔ ገፋ ገፋ አደረጉት። ስንለያይ ሁለት ጊዜ አይዞሽ አሉኝ። ለምኑ ነው ብዬ ሳልጠይቃቸው፣ ለፈተናው ነው እኮ አሉኝ። አባባ አጠገብ ሃያ ዓመት ሲነግዱ እኔን ሳያበሽቁ የማይውሉ ሰው እንዲህ ጨዋ ሲሆኑብኝ ጊዜ ሻዩን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ስለ ትምህርቴ ልንገርህ። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከእሱ ነው።

እዚህ ኮሌጅ ኬሚስትሪ የሚያስተምሩን አቶ አምሳሉ ይባላሉ። በእንግሊዝኛ ይጀምሩና ግር እንዳለን ሲያዩ ወደ አማርኛ ይመለሳሉ፤ በመጨረሻም ተረዳችሁ? ይሉናል። እኛም ተረዳንም አልተረዳንም ተረድተናል እንላለን። በመጀመሪያው መንፈቅ ያስተማሩን ስለ ትስስር ነው፤ አቶም ከአቶም ጋር እንዴት እንደሚያያዝ። ሶዲየም የሚባል ብረት አለ፤ በቢላ የሚቆረጥ ለስላሳ ነው፤ እንዳይቀጣጠል ላምባ ውስጥ ነክረው ነው የሚያስቀምጡት። ሽምብራ የምታህል ቆርጠው ውሃ ላይ ጣል ቢያደርጓት እየተንጫጫች ሮጠች፣ ከዚያም በእሳት ተያያዘች። ክሎሪን ደግሞ ሰው የሚገድል ጋዝ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ሶዲየሙ አንድ ኤሌክትሮን ይሰጣል፣ ክሎሪኑ ይቀበላል፤ ሰጪና ተቀባይ ተሳስበው ተጣብቀው ይቀራሉ። የሚወጣው ነገር አባባ አርባ ዓመት በጆንያ የሸጠው ጨው ነው።

ይህን የካቲት ላይ ጽፌልህ ነበር። ለአባባ ንገርልኝ፣ ምን እንደሚል ጻፍልኝ ብዬ ለምኜህ ነበር። የአሰብን ጨው ከምጽዋው በምላሱ የሚለይ ሰው ጨው መርዝና እሳት ነው ሲሉት ምን እንደሚል አስበው! እኔ ብቻዬን አልጋዬ ላይ ሆኜ ድምፁን እየሰማሁ ስስቅ ነበር። አርባ ዓመት ሕዝብ ስመርዝ ኖርኩ በላት፤ ይህን ለመስማት ነው አዋሳ ድረስ የሄደችው? እስቲ ያ አስተማሪዋ ጨው ሳይነካ ሳምንት ይክረም! እንዲህ ነበር የሚለው። ሌላም ይጨምር ነበር፤ አንተም ፈርተህ ግማሹን ትተወው ነበር።

መጋቢት ላይ መልስህ መጣ። አባባ በነገርሽው ተደስቷል፣ በርቺ ልጄ ይልሻል።

ወንድም ጋሼ፣ አባባ በሕይወቱ በርቺ ብሎኝ ያውቃል? አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለፍኩ ቀን እንኳ ያለኝ ቀሚስሽ አጥሯል ነው። ግን ያን ጊዜ ተኛሁበት። ሕመሙ አለስልሶት ይሆናል አልኩ። መስከረም ላይ ስለየው ያ ደረቱ ላይ የሚይዘው ነገር ጀምሮት ነበርና፣ የታመመ ሰው ይለሰልሳል ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

ግንቦት ላይ ስለ ጨረር ተማርን። አንዳንድ አቶሞች አሉ፤ ሳይነኳቸው ከውስጥ እየፈረሱ ወደ ሌላ ነገር የሚለወጡ። የቱ መቼ እንደሚፈርስ ማንም አያውቅም። ስንት እንደሚፈርሱ ግን ይታወቃል። ከሞላው ግማሹ የሚፈርስበት ጊዜ ለእያንዳንዱ ዓይነት የተወሰነ ነው፤ ከዚያ በዚያው ጊዜ ከቀረው ግማሹ፣ ከዚያም ከቀረው ግማሹ። ጊዜውን ግማሽ ዕድሜ ይሉታል። ይህን በዓይናችን እንድናይ አቶ አምሳሉ ቆርኪ ሰብስቡ አሉን። ቆርኪዎቹን ያመጣችው አብራኝ የምትሠራው ታቢታ ናት፤ የሲዳማ ልጅ ነች፣ ጴንጤ ነች። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ መዝሙሯን በአፍንጫዋ ብቻ ነው የምታዜመው። ቢራ ቤት ደጃፍ የማትቆም ልጅ ስለ ሳይንስ ብላ ሐይቅ ዳር ያሉትን መጠጥ ቤቶች አዳርሳ መቶ ሃያ ቆርኪ ይዛ መጣች። በካርቶን አናውጠን እንበትናለን፤ አፉን ወደ ላይ አድርጎ የወደቀውን ሞቷል ብለን እናወጣለን፤ የቀረውን ቆጥረን እንደገና እንበትናለን። መቶ ሃያው ስድሳ ሁለት ሆነ። ከዚያ ሃያ ዘጠኝ። ከዚያ አሥራ ስድስት፣ ሰባት፣ አራት፣ ሁለት። የመጨረሻዋ አንዲት ቆርኪ አራት ጊዜ ብትጣል አልሞትም አለች፤ ታቢታ ልታዝንላት ምንም አልቀራት።

አማርኛ ለታቢታ ሁለተኛ ቋንቋዋ ስለሆነ ቃል ስትመርጥ ትጠነቀቃለች። እጇን አውጥታ፣ ይሄ ነገር ግማሽ ዕድሜ ለምን ይባላል፣ የሚቆጠረው የሞተው ነው፣ ግማሽ ሞት ነው መባል ያለበት አለቻቸው። ክፍሉ ሳቀ። አቶ አምሳሉም ሳቁ፤ ሳቃቸውን ሲጨርሱ ግን ሰሌዳውን ጠረጉ።

በማግስቱ ስለ ካርበን ነገሩን። ዛፍ በሕይወት እስካለ ድረስ ከአየሩ አዲስ ካርበን ይወስዳል፤ ጨረር ያለው ዓይነትም አብሮ ይገባለታል። የፈረሰው በአዲስ ይተካል፤ ስለዚህ መጠኑ ብዙም አይለዋወጥም። ዛፉ ሲሞት መውሰድ ያቆማል። ከዚያ ወዲያ ያለው አሮጌው ብቻ ነው፤ እሱም በግማሽ በግማሽ እያለ ይሄዳል። የቀረውን የለካ ሰው ዛፉ መቼ እንደሞተ ያውቃል፤ ሲሞት እዚያ መቆም አያስፈልገውም። ይህን ብለው ተረዳችሁ? አሉን።

የዚያን ቀን የአንተ የግንቦት ደብዳቤ ደርሶኝ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። መጨረሻው ላይ፣ አባባም ሰላም ይልሻል ይላል። በቃ። ሦስት ቃል።

ከትምህርት እንደወጣሁ ደብዳቤዎችህን ሁሉ ላቦራቶሪው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋኋቸውና አባባ የተናገረበትን መስመር ቆጠርኩ። ጥቅምት አሥራ ስድስት መስመር፦ የሐይቁን ውሃ አትጠጪ፣ ጨው የሌለው ሐይቅ ምን ያደርጋል፣ ከወንድ ጋር ቆመሽ አትሳቂ። ኅዳር ላይ አሥራ ዘጠኝ መስመር። ታኅሣሥ አሥራ ሰባት፤ ከጋሽ ጠሀ ጋር በሚዛን እንደተጣሉ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ስብሰባ ላይ ከእንቅልፌ ቀሰቀሱኝ ብሎ እንደተቆጣ። ጥር ዘጠኝ መስመር። የካቲት አራት። መጋቢት ሦስት። ሚያዝያ አንድ መስመር ከምናምን። በጥቅምት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ በእያንዳንዱ ውስጥ አዲስ ጠብና አዲስ ተግሣጽ አለ። ከጥር ወዲህ ግን አዲስ ነገር የለም። ያለው አሮጌው ነው፤ የሐይቁ ውሃ፣ የቀሚሱ ነገር። ከራስህ ቀድተህ ስትጽፍ እያለቀብህ ሄደ እንጂ አባባ ቁጣ አያልቅበትም ነበር።

ታቢታ ምን እየቆጠርሽ ነው አለችኝ። የአባቴን ቃል አልኳት። አጠገቤ ቁጭ አለች።

የሚያዝያውን ደብዳቤ ደግሞ አንስቼ አየሁት። እንዲህ ብለህ ነበር፦ አባባ ነፋሱን እየተቀበለ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። አንተ ሰው፣ እኛ ቤት በረንዳ ከመቼ ወዲህ ነው ያለው? ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት። የነፋሱን ፋ ወፍራም ነው፤ ሁለቴ ተጽፏል። ከሥሩ ፍ አለ። እጅህ ስሙን ጽፎ ሲጨርስ ለምዶበት ሰው ሁሉ ለሌለ ሰው የሚለውን ሊል ነበር፤ ነፍሱን ካልክ በኋላ ነው የነቃኸው። ከዚያ ነፍሱን ነፋሱን አደረግኸው፤ ለነፋሱ ደግሞ በረንዳ ሠራህለት። ስርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት ዋጋ የለውም እያልክ በልጅነቴ ጣቴን በማስመሪያ የመታኸኝ አንተ! የአማርኛ አስተማሪ!

ሳቅሁ፣ ወንድም ጋሼ። እውነቴን ነው፣ መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ሌላው መጣ።

እንግዲህ ማንም ሳያረዳኝ ተረዳሁት። ከገና በኋላ፣ ከጥምቀት በፊት ይመስለኛል። ተሳስቼ እንደሆነ ስመጣ በጆሮዬ አርመኝ። ዋናውን ቃል ግን እኔ አልጽፈውም። አልተነገረኝምና የመጻፍ መብት ያለኝ አይመስለኝም።

ይህ ዝም ብሎ አነጋገር አይደለም። በማግስቱ ፈቃድ ልጠይቅ ቢሮ ሄድኩ። ወይዘሮ ደስታነሽ የሚባሉት ጸሐፊ ቅጽ ሰጡኝ። ስም፣ ዓመት፣ የሚሄዱበት ቦታ፣ ምክንያት። ምክንያት ላይ እጄ ቆመ። የቤተሰብ ጉዳይ ብዬ ብሰጣቸው፣ ልጄ፣ ቤተሰብ የሌለው ማን አለ፣ ሕመም ከሆነ ሕመም በይ፣ ሐዘን ከሆነ ቴሌግራም አምጪና አሁኑኑ አስፈርምልሻለሁ አሉኝ። ደግ ሰው ናቸው፤ ወንበርም ስበውልኝ ነበር። ያለ ፈቃድ ወረቀት ደግሞ ኬላ አላልፍም። ምን ልበላቸው? በወንድሜ ደብዳቤ ላይ አንድ ፊደል ተደልዞብኝ ነው ልበል? ቅጹን አጥፌ ወጣሁ።

ጥቁር ልልበስ ብል ማን ሞተብሽ ይሉኛል። ላልቅስ ብል የመኝታ ክፍላችን ስምንት ሰው ነው። በመጨረሻ መላ አገኘሁ። አሞኒያ የሚባል ነገር አለ፤ ሽታው ዓይን ያቃጥላል፣ እንባ ያወርዳል፣ ስለዚህ ዕቃውን ለማጠብ ሁሉም ይሸሻል። እኔ አጥባለሁ አልኩ። ሦስት ቀን በተከታታይ ከሰዓት በኋላ አጠብኩ። አቶ አምሳሉ በር ላይ ብቅ ብለው መስኮቱን ክፈቺው እንጂ ሲሉኝ፣ አሞኒያው ነው ጋሼ አልኳቸው። በሦስተኛው ቀን ታቢታ ገብታ አጠገቤ ቆመች። ብልቃጦቹ አልቀው ነበር፤ የምታጥበውም አልነበራትም። ከእኔ ጋር አለቀሰች። ስንወጣ ለጓደኞቿ፣ አሞኒያው ነው አለቻቸው።

አሁን ወቀሳዬን ስማኝ። ፈተናዋን ሳትጨርስ እንዳትሰማ ያለው አጎታችን ኃይለሚካኤል ይሆናል ብዬ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ትዕዛዙ የራሱ የአባባ እንደሆነ ገባኝ። ቁጣው ሳይቀር ይታየኛል። እማዬ ከእሱ የተረፈላት ሥራ ይህን ቃል መጠበቅ ነው፤ ስለዚህ በእሷ አልፈርድም። በአንተ ግን እፈርዳለሁ። ትስስር ሁለት ዓይነት ነው ብለው አስተምረውናል። አንደኛው ያ የጨው ዓይነት ነው፤ አንዱ ይሰጣል፣ ሌላው ይወስዳል። ሁለተኛው ሁለት አቶሞች ያላቸውን መሐል አድርገው በጋራ የሚይዙት ነው፤ የእኔ የአንተ የለውም። አንተ ሐዘኑን ጠቅልለህ ወሰድክና ሰላሙን ለእኔ ላክልኝ። ለቀስተኛ ተቀብለህ፣ ድንኳን አስነቅለህ፣ ገብተህ ቁጭ ብለህ አባባ በርቺ ይልሻል ብለህ ጻፍክ። ማን አዘዘህ? ታላቅ ስለሆንክ? አምስት ወር ሙሉ በሰው ፊት ልጅ፣ በወረቀት ላይ አባት ሆነህ ስትኖር ማን አይዞህ አለህ? እኔ እዚህ ስለ ቆርኪ ስስቅ አንተ የምታለቅስበት ቦታ ነበረህ? ተናድጄብሃለሁ። እወድሃለሁ። ሁለቱንም በአንድ መስመር ጻፍኩት፤ እንዳትለያያቸው።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በጋራ ነው። ፈተናው ሰኔ 13 ይጀምራል፤ እቀመጣለሁ። የምቀመጠው ስላልሰማሁ ሳይሆን ሰምቼ ነው፤ ይህ ልዩነት ለእኔ ትልቅ ነው። ሰኔ 28 ቡታጅራ እገባለሁ። ወጉ እንዳይጓደል። በማግስቱ ማለዳ አጎታችን ሽማግሌዎቹን ይዞ ይምጣ፤ አስቀምጠው ይንገሩኝ። እኔም ያን ጊዜ እንደሰማሁ ሆኜ እጮኻለሁ። ማስመሰል አይሆንብኝም፤ እስከዚያ ያጠራቀምኩት ብዙ ነው። እማዬ አደራዋን ሳታፈርስ እንዳደረሰች ትወቅ። የምናውቀው እኔና አንተ ብቻ እንሁን፤ ታቢታ ደግሞ ሩቅ ናት።

አባባ ይላል እያልክ መጻፉን ግን ተው። ደክሞሃል፤ ያስታውቃል። የሚቀጥለው ደብዳቤህ ስለ ራስህ ይሁንልኝ። ከአንተ ወሬ አንድ መስመር እንኳ ካነበብኩ ስንት ጊዜዬ ነው።

እማዬ ደግሞ ከእኔ ደብዳቤ ሳይመጣ ሲቀር ስለምትጠረጥር ሁለተኛ ወረቀት አብሬ አድርጌልሃለሁ። ያንን ጮክ ብለህ አንብብላት። ድምፅህ እንዳይሰበር አስቀድመህ ለብቻህ አንድ ሁለቴ አንብበው።

እግዚአብሔር ጉልበት ይስጥህ። የጀመርከውን በሰላም ያስጨርስህ። ጥርስህንም ተነቀል።

እህትህ

——

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽልኝ? እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ወፍሬያለሁ፣ ስታዪኝ ትስቂያለሽ። የላክሽልኝ በሶ ደርሶኛል፤ ጓደኞቼ እጅሽ ይባረክ ብለዋል። ፈተናችን ቀርቧል፤ ጾምሽንና ጸሎትሽን በእኔ ላይ አድርጊልኝ። አልፋለሁ፣ አትስጊ። ሰኔ 28 ማታ ሳይመሽ እገባለሁ፤ መንገድ ላይ ማንንም እንዳትልኪ፣ በር ላይም ቆመሽ ብርድ እንዳይመታሽ።

ለአጎቴ ለኃይለሚካኤል፣ ለጎረቤቶቻችን ለእነ ፈትያ፣ ሰላም ላለኝ ሁሉ ሰላም በይልኝ።

ለአባባ ደግሞ፦ ስለ እኔ ሐሳብ አይግባው በይው። ያዘዘኝን ሁሉ እየፈጸምኩ ነው፤ ፈተናዬን ሳልጨርስ ከዚህ አልነቃነቅም በይው። ይህን ጻፉልኝ፣ ያንን በሉልኝ ብሎ እንዳይቸገር፤ እናንተም መልስ ስጣት እያላችሁ አታድክሙት። የምነግረው ብዙ ነገር አለኝ። ስመጣ አንቺን ይዤ፣ እሱ ያለበት ድረስ በእግሬ ሄጄ እነግረዋለሁ።

እድሜሽን ያርዝምልኝ፤ እስክንገናኝ በደህና ያቆይሽ።

ልጅሽ